ለእጅ የጨዋታ መሣሪያዎች ተጓዳኝ ዕቃን ቀድሞ ስለ መግዛት

ሀ. መነሻ

የፋኖስ ነጋዴ ፋኖሱን ለአንድ ቤተ ሰብ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ክሩንና ብርጭቆውን ግን ፋኖሱ እስካገለገለ ድረስ ደጋግሞ ይሸጣል። ዋናው ዕቃ ለተከታዩ ዕቃ ገበያ ይከፍትለታል። ይህ የቆየ የንግድ ልማድ ዛሬ በእጅ ተይዘው በሚሠሩ የኤሌክትሮኒክ የጨዋታ መሣሪያዎች ንግድ ላይ በግልጽ ይታያል። መሣሪያውን የገዛ ሰው ቻርጀር፣ ሚሞሪ ካርድ፣ ማኅደር፣ የስክሪን መከላከያና ይህን የመሳሰለውን ይፈልጋል፤ ፋብሪካው መሣሪያውን መሥራት ካቆመም በኋላ ፍላጎቱ ለብዙ ዓመታት ሳይጠፋ ይኖራል።

ከዚህ የተነሣ በነጋዴ አእምሮ «ተጓዳኝ ዕቃን ቀድሞ የገዛ ኋላ ያተርፋል» የሚል ሐሳብ በቀላሉ ያድራል። ሐሳቡ ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፊሉ ግን ወረትን በመጋዘን አስሮ የሚያስቀር ነው። «ቀድሞ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጕም ይይዛልና። አንደኛው መሣሪያው ገበያ በወጣበት ሰሞን መግዛት ሲሆን፣ ሁለተኛው ፋብሪካው ሥራውን ከማቆሙ በፊት መግዛት ነው። በሁለቱ መካከል አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንድ ጊዜም ዐሥር ዓመት ሊኖር ይችላል። የዚህ ጥናት ዓላማ የትኛው ዕቃ በየትኛው ጊዜ ቢገዛ እንደሚጠቅም በእርግጠኛ ምሳሌዎች ማስረዳት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ለ. የተጓዳኝ ዕቃዎች አከፋፈል

ተጓዳኝ ዕቃዎች በሦስት ክፍል ይመደባሉ።

1ኛ/ መሣሪያው ያለ እነርሱ ሥራውን ሊሠራ የማይችልባቸው፤ እነዚህም ቻርጀር፣ ባትሪና ሚሞሪ ካርድ ናቸው።

2ኛ/ መሣሪያው በራሱ የሌለውን አገልግሎት የሚጨምሩለት፤ ሁለት መሣሪያዎችን የሚያገናኝ ገመድ፣ ፎቶግራፍ ማንሻ፣ ማተሚያ፣ ተጨማሪ መቈጣጠሪያ ከዚህ ክፍል ይቈጠራሉ።

3ኛ/ ለጥበቃና ለጌጥ የሚውሉ፤ ማኅደር፣ የስክሪን መከላከያ፣ የእጅ ማንጠልጠያና የመሳሰሉት ናቸው።

ሦስተኛው ክፍል ለባለ ሱቅ የዕለት ገበያ ነው። ማንኛውም ትንሽ ፋብሪካ ሊሠራቸው ስለሚችል ዋጋቸው በፉክክር ይወርዳል፤ የመሣሪያው መጠን ጥቂት በተለወጠ ጊዜም የቀድሞው ማኅደርና መከላከያ ለአዲሱ አይሆንም። እነዚህን ለሩቅ ጊዜ ብሎ መሰብሰብ ጥቅም የለውም። በጥቂቱ ገዝቶ ቶሎ ሸጦ መተካት ይበቃል። ጥያቄው የሚከብደው በአንደኛውና በሁለተኛው ክፍል ላይ ነው።

ሐ. ከግዢ በፊት የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች

አስመጪው ወረቱን ከማውጣቱ አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ዕቃ አራት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይገባዋል።

አንደኛ፣ ይህ ዕቃ ለመሣሪያው የግድ ነውን? የግድ የሆነ ዕቃ ፍላጎቱ በመሣሪያው ዕድሜ ልክ ይዘልቃል።

ሁለተኛ፣ ከዋናው አምራች በቀር ሌላ ሊሠራው ይችላልን? ሌላው በቀላሉ የሚሠራው ዕቃ ከቶ አይወደድም።

ሦስተኛ፣ ዕቃው በመደርደሪያ ላይ ሳይበላሽ ይቈያልን? ዘመን የሚያረጀው ዕቃ ዋጋው በወረቀት ቢጨምር በእጅ ግን ይቀንሳል።

አራተኛ፣ አምራቹ በሚቀጥለው መሣሪያ ላይ መሰኪያውን ይለውጣልን? መሰኪያው ከተለወጠ የዕቃው ገበያ በአሮጌው መሣሪያ ባለቤቶች ብቻ ይወሰናል።

ለአራቱም ጥያቄ ደስ የሚያሰኝ መልስ የሚሰጥ ዕቃ እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የተዘረዘሩት ምሳሌዎች ይህንኑ ያሳያሉ።

መ. በገበያ ታሪክ የታዩ ምሳሌዎች

የጌም ቦይ ማገናኛ ገመድ

የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ ጌም ቦይ የተባለውን የእጅ መሣሪያ በጃፓን የሸጠው በኤፕሪል 21 ቀን 1989 ነው። መሣሪያው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሁለት ተጫዋቾችን የሚያገናኝ የገመድ መሰኪያ ነበረው። ይህ ገመድ ከላይ በተባለው አከፋፈል ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ብቻውን ለሚጫወት ሰው አያስፈልግም። ነገር ግን በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1996 ፖኬሞን የተባለው ጨዋታ በጃፓን ወጣ። በሁለት ዓይነት ካሴት ስለ ተሸጠና በአንደኛው ካሴት ብቻ ሁሉንም ፍጥረታት ማግኘት ስለማይቻል፣ ተጫዋቾች በገመድ ተገናኝተው እርስ በርሳቸው መለዋወጥ ነበረባቸው። ሰባት ዓመት የቈየ አንድ ገመድ በአንድ ጨዋታ ምክንያት ተፈላጊ ዕቃ ሆነ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ቀድሞ የገዛውን ነጋዴ የሚያስመሰግን ይሆን ነበር። ሆኖም በዚያው በ1996 ዓመት ኒንቴንዶ ጌም ቦይ ፖኬት የተባለውን አነስተኛ መሣሪያ አወጣ፤ የገመዱንም መሰኪያ አሳነሰው። በ1998 የወጣው ጌም ቦይ ከለርም ትንሹን መሰኪያ ያዘ። የ1989ኙ ገመድ ለአዲሶቹ መሣሪያዎች ያለ አስማሚ የማይገባ ሆነ። ጨዋታው ያመጣውን ገበያ መሰኪያው ከፈለው ማለት ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የሁለተኛው ክፍል ዕቃ ዋጋ ገና ባልተሠራ ጨዋታ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ ያን ጨዋታ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

የዲኤስአይ ቻርጀር

ኒንቴንዶ በኖቬምበር 1 ቀን 2008 በጃፓን ያወጣው ዲኤስአይ ከእርሱ በፊት ከነበረው ከዲኤስ ላይት የተለየ የቻርጀር መሰኪያ ነበረው። ይህ አዲስ መሰኪያ ዕድለኛ ሆነ። በ2011 የወጣው ስሪ ዲኤስ፣ በ2013 የወጣው ቱ ዲኤስ፣ በ2014 በጃፓን የወጣው ኒው ስሪ ዲኤስ ሁሉም ያንኑ ቻርጀር ተጠቀሙ። የስሪ ዲኤስ ቤተ ሰብ ብቻ 75.94 ሚሊዮን ተሽጧል፤ ፋብሪካው ሥራውን ያቆመው በ2020 ነው። አንድ ዓይነት ቻርጀር ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል አዳዲስ መሣሪያዎችን አገለገለ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የንግድ ሰው ሊያስተውለው የሚገባው ነገር አለ። በ2012 ትልቁ የስሪ ዲኤስ ዓይነት በጃፓንና በአውሮፓ ሲሸጥ፣ ኋላም ኒው ስሪ ዲኤስ ሲወጣ፣ በሣጥኑ ውስጥ ቻርጀር አልነበረም። አምራቹ ብዙ ሰው የቀድሞውን ቻርጀር በቤቱ ይዟል ብሎ አስቦ ነበር። መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛው ደንበኛ ግን ቻርጀሩን ለብቻው ለመግዛት ተገደደ። ቻርጀር በመደርደሪያው ላይ የነበረው ባለ ሱቅ በዚያ ዕለት ሁለት ዕቃ ሸጠ፤ ያልነበረው ግን ደንበኛውን ወደ ጎረቤት ሰደደ።

ነገር ግን ቻርጀር በማንም ፋብሪካ ሊሠራ የሚችል ዕቃ ስለ ሆነ ዋጋው አልናረም። ጥቅሙ ሁልጊዜ ፈላጊ የማያጣና የማይቋረጥ ሽያጭ መሆኑ ነበር። ለባለ ሱቅ ደግሞ ይህ ዓይነቱ ጥቅም ብዙ ጊዜ ከድንገተኛ ትርፍ ይሻላል።

የስሪ ዲኤስ ተጨማሪ መቈጣጠሪያ

በዲሴምበር 2011 ኒንቴንዶ ለስሪ ዲኤስ ሁለተኛ የመቈጣጠሪያ ዘንግ የሚጨምር ሰርክል ፓድ ፕሮ የተባለ ዕቃ በጃፓን አወጣ። መሣሪያው ሙሉ በሙሉ በውስጡ እንዲገጥም ሆኖ የተሠራ ነበርና፣ በ2012 ትልቁ ስሪ ዲኤስ በወጣ ጊዜ አልገጠመም፤ ለትልቁ ሌላ መሠራት ነበረበት። በ2014 ደግሞ ኒው ስሪ ዲኤስ ሁለተኛውን መቈጣጠሪያ በራሱ ላይ ይዞ መጣ። በሦስት ዓመት ውስጥ ተጓዳኙ ዕቃ በመሣሪያው አካል ውስጥ ተዋጠ። ይህን ዕቃ በብዛት የሰበሰበ ነጋዴ የቀረለት ደንበኛ የቀድሞውን መሣሪያ የያዘና ጥቂት የተወሰኑ ጨዋታዎችን የሚወድ ሰው፣ ወይም የቆየ ዕቃ ሰብሳቢ ብቻ ነው።

የፕሌይስቴሽን ቪታ ሚሞሪ ካርድ

ከምሳሌዎቹ ሁሉ ጠለቅ ብሎ ሊጠና የሚገባው ይህ ነው። ሶኒ ኩባንያ ፕሌይስቴሽን ቪታን በዲሴምበር 2011 በጃፓን፣ በፌብሩዋሪ 2012 በአሜሪካ አወጣ። መሣሪያው በየሱቁ የሚገኘውን ተራ ሚሞሪ ካርድ አይቀበልም፤ የሚቀበለው ለእርሱ ብቻ የተሠራውን የሶኒ ካርድ ነበር። በአሜሪካ መሣሪያው 249.99 ዶላር ሲሸጥ 32 ጊጋባይት የሚይዘው ካርድ ብቻውን 99.99 ዶላር ይጠየቅበት ነበር። የአንድ ትንሽ ካርድ ዋጋ የመሣሪያውን ዋጋ 40 በመቶ ያህል ነበር ማለት ነው።

ከላይ በተባሉት ጥያቄዎች ሲመዘን ካርዱ የግድ ነው፤ ሌላ ኩባንያ አይሠራውም፤ ትንሽና ደረቅ ስለ ሆነ በመደርደሪያ ላይ በቀላሉ አይበላሽም። እንግዲያው ቀድሞ መግዛት ያዋጣ ነበርን? መልሱ በጊዜው ላይ የተመሠረተ ነው። በኦገስት 2013 ሶኒ የመሣሪያውን ዋጋ ወደ 199.99 ዶላር፣ የ32 ጊጋባይቱን ካርድ ወደ 79.99 ዶላር አወረደ። በመጀመሪያው ሰሞን 100 ካርድ ገዝቶ ያከማቸ ነጋዴ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ በችርቻሮ ዋጋ 2,000 ዶላር ያህል ወረደበት። ጥፋቱም ገበያው ገና ሳይረጋጋ በአምራቹ የመጀመሪያ ዋጋ ብዙ መግዛቱ ነው።

በሌላ በኩል የቪታ መሣሪያ ሥራ በጃፓን በ2019 አበቃ። ቀጣይ ሆኖ ያንኑ ካርድ የሚቀበል ሌላ መሣሪያ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ብዙ የሚይዙት ካርዶች በገበያ እየጠፉ ሄዱ፤ ፋብሪካው ከመዝጋቱ በፊት በወረደው ዋጋ በልክ የገዛ ነጋዴ የሚፈለግ ዕቃ በእጁ ቀረለት። ለዚህም ቢሆን ወሰን አለው። የመሣሪያውን ሶፍትዌር በሚለውጡ ሰዎች ዘንድ ተራውን ማይክሮ ኤስዲ ካርድ በጨዋታው ካርድ መሰኪያ በኩል የሚያስገባ ርካሽ አስማሚ ተሠራ። ይህ አሠራር የአምራቹ ፈቃድ የሌለው ነው፤ ቢሆንም የዋናውን ካርድ ገበያ ማጥበቡ አልቀረም። ሰው ሠራሽ እጥረት ሲበዛ ብልኀተኛ መተላለፊያ መፈልሰፉ አይቀርም፤ እጥረትን ብቻ ተስፋ አድርጎ የሚያከማች ነጋዴ ይህን መዘንጋት የለበትም።

በቻርጀር ረገድም ቪታ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው ቪታ ለራሱ ብቻ የተሠራ መሰኪያ ሲኖረው፣ በ2013 በጃፓን የወጣው ቀጭኑ ቪታ በስልኮች ዘንድ የታወቀውን ማይክሮ ዩኤስቢ ያዘ። የቀጭኑ ባለቤት በማንኛውም የስልክ ሱቅ ገመድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ባለቤት ግን የራሱን ገመድ መፈለግ ግድ ሆነበት። ስለዚህ የአንድ መሣሪያ ስም ብቻ ሰምቶ ዕቃ ማዘዝ አይበቃም፤ የዓይነቱን ቍጥር አይቶ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ስዊችና ስዊች ቱ

ኒንቴንዶ በማርች 3 ቀን 2017 ያወጣው ስዊች የቪታን መንገድ አልተከተለም። ቻርጀሩ ዩኤስቢ ሲ፣ ካርዱም በየሱቁ የሚገኘው ማይክሮ ኤስዲ ሆነ። ለስዊች ብሎ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ቀድሞ ማከማቸት ትርጕም አልነበረውም። ካርዱ ለስልክም ለካሜራም የሚያገለግል የጋራ ዕቃ ነው፤ ዋጋው የሚወሰነው በዓለም የሚሞሪ ፋብሪካዎች አቅርቦት እንጂ በአንድ የጨዋታ መሣሪያ አይደለም።

በጁን 5 ቀን 2025 ስዊች ቱ ሲወጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። አዲሱ መሣሪያ ጨዋታ የሚያስቀምጠው ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ በተባለው ፈጣን ካርድ ላይ ብቻ ነው፤ ተራው ማይክሮ ኤስዲ ቀድሞ የተነሡ ምስሎችን ለማስተላለፍ ካልሆነ በቀር ለጨዋታ አያገለግልም። የቀድሞው ስዊች ከቴሌቪዥን የሚያገናኝ ማስቀመጫም ለአዲሱ አይሠራም። የቀድሞዎቹ የእጅ መቈጣጠሪያዎች በአየር ሞገድ ይገናኛሉ፤ ነገር ግን ከመሣሪያው ጎን አይገጠሙም። አንድ ሱቅ «ስዊች ነው፤ ይሆናል» ብሎ ቢሸጥ ደንበኛው ዕቃውን መልሶ ያመጣበታል።

ከዚህም ሌላ አንድ የቀረጥ ነገር ተከሰተ። ኩባንያው የአዲሱን መሣሪያ ዋጋ በኤፕሪል 2025 መጀመሪያ ካስታወቀ በኋላ፣ የአሜሪካ መንግሥት አዲስ ቀረጥ በመጣሉ በአሜሪካ የተጓዳኝ ዕቃዎችን ዋጋ ሽያጭ ሳይጀመር ጨመረ። የመሣሪያው ዋጋ በ449.99 ዶላር ሲጸና፣ ፕሮ የተባለው መቈጣጠሪያ ከ79.99 ወደ 84.99፣ ከቴሌቪዥን ማገናኛው ማስቀመጫ ከ109.99 ወደ 119.99 ዶላር ከፍ አለ። አምራች ዋናውን ዕቃ በማይነካ ዋጋ ይዞ ጭማሪውን በተጓዳኙ ላይ ማሳረፉ በዚህ ንግድ የተለመደ ነገር ሊሆን እንደሚችል ይህ ያመለክታል። ለአስመጪው የሚሰጠውም ምክር በቃል በተነገረ ዋጋ ላይ ሳይመሠረት ዋጋው የሚጸናበትን ቀን በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ማስፈር ነው።

ሠ. የታሰረ ወረት የሚያስከፍለው

ዕቃው በመጋዘን ሲቀመጥ ምንም የማይበላ የሚመስለው ነጋዴ ሒሳቡን አልጨረሰም። ለምሳሌ ያህል አንድ አስመጪ እያንዳንዱን በ500 ብር ሒሳብ 100 ተጓዳኝ ዕቃ በ50,000 ብር ገዛ እንበል። የገንዘቡ ወለድ በዓመት 15 በመቶ፣ የመጋዘን ኪራይ 3 በመቶ፣ ለጥበቃና ለኢንሹራንስ 2 በመቶ ቢሆን፣ በጠቅላላው በዓመት 20 በመቶ ይሆናል። ወጪው በየዓመቱ በላይ በላዩ ሲደመር ሒሳቡ እንደሚከተለው ነው።

በ1ኛው ዓመት መጨረሻ 60,000 ብር፤
በ2ኛው ዓመት መጨረሻ 72,000 ብር፤
በ3ኛው ዓመት መጨረሻ 86,400 ብር፤
በ4ኛው ዓመት መጨረሻ 103,680 ብር፤
በ5ኛው ዓመት መጨረሻ 124,416 ብር።

እንግዲህ በ500 ብር የተገዛው ዕቃ ከአምስት ዓመት በኋላ ከ1,244 ብር በላይ ካልተሸጠ ነጋዴው አላተረፈም። ከመቶው ሃያው ተበላሽቶ ቢገኝ ደግሞ የቀረው እያንዳንዱ 1,555 ብር ማውጣት አለበት። «ዋጋው እጥፍ ሆነልኝ» ብሎ የሚደሰት ነጋዴ በዚህ ሒሳብ ሲታይ ከሳሪ ሆኖ ይገኛል።

በኢትዮጵያ ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። በጁላይ 29 ቀን 2024 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያን ጊዜ በመደርደሪያው ላይ የቆየ የውጭ ዕቃ የነበረው ባለ ሱቅ በብር ከፍ ያለ ዋጋ አግኝቶ ይሆናል። ይህ ግን ዕቃው ተፈላጊ በመሆኑ የተገኘ ትርፍ አይደለም፤ ያንኑ ዕቃ እንደገና ለማስመጣት የሚጠየቀው ብር በዚያው ልክ ጨምሯልና። ነጋዴው ትርፉን ሲያሰላ የተገዛበትን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሚተካበትንም ዋጋ ማየት አለበት። አለዚያ በአሮጌው ዋጋ ሸጦ በአዲሱ ዋጋ ግማሹን ብቻ ይተካል።

ረ. ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ስለ ማርጀቱ

ሊትየም ባትሪ ሳይነካ ቢቀመጥም ያረጃል። ሙሉ ሆኖ ወይም ፈጽሞ ባዶ ሆኖ ሲከማች ጉዳቱ ይብሳል፤ ግማሽ ያህል ተሞልቶ በቀዝቃዛና በደረቅ ስፍራ ሲቀመጥ ይሻላል። ያረጀ ባትሪ አብጦ መሣሪያውን ሊጎዳ፣ ከዚያም አልፎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ባትሪ ለሩቅ ዓመት የሚከማች ዕቃ አይደለም፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚሸጠውን ያህል ብቻ ማስመጣት ይገባል። ማጓጓዣውም የራሱ ሕግ አለው። ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 ጀምሮ ለብቻው የታሸገ የሊትየም አዮን ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይላክ ተከልክሏል፤ በጭነት አውሮፕላን ሲላክም የሙሌቱ መጠን ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ታዟል። አስመጪው ይህን ሳያውቅ ቢያዝ ዕቃው በላኪው አገር ይቀርበታል።

በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ዕቃ ሲከማች ድንጋዩ ከውስጡ መውጣት አለበት፤ ድንጋዩ ፈሶ የብረቱን መገናኛ ይበላዋልና። ጎማ የሚመስል ልስልስ ቅብ ያላቸው መያዣዎች በሙቀትና በእርጥበት ከጊዜ በኋላ የሚያጣብቁ ይሆናሉ። በ1998 የወጣው የጌም ቦይ ማተሚያ የሚጠቀምበት ወረቀት በሙቀት የሚጻፍበት ዓይነት ስለሆነ፣ ሙቀት ባለበት መጋዘን ወረቀቱ ሳይሠራበት ይበላሻል። በአንጻሩ ገመድ፣ ሚሞሪ ካርድና ቻርጀር ከፀሐይና ከአቧራ ተጠብቀው በዋናው ሣጥናቸው ቢቀመጡ ብዙ ዓመት ይቆያሉ። ሣጥኑንና በውስጡ ያለውን የአጠቃቀም ወረቀት መጠበቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው፤ የቆየ ዕቃ ሰብሳቢ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ሣጥኑን ነው።

ቻርጀርን በሚመለከት የኤሌክትሪክ መጠኑ መመርመር አለበት። በጃፓን 100 ቮልት፣ በአሜሪካ 120 ቮልት የተለመደ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ያለው 220 ቮልት ነው። በአሜሪካ ወይም በጃፓን ለዚያው አገር ብቻ የተሠራ ቻርጀር እዚህ ቢሰካ ይቃጠላል። በዕቃው ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለውን መምረጥ ደንበኛንም የሱቁንም ስም ያድናል።

በሚሞሪ ካርድ ላይ ደግሞ የሐሰት ዕቃ ይበዛል። ከላዩ ትልቅ መጠን ተጽፎበት በውስጡ ጥቂት ብቻ የሚይዝ ካርድ በዓለም ገበያ የታወቀ ማታለያ ነው። አስመጪው ዕቃውን ሲረከብ ከየካርቶኑ ጥቂቱን መርጦ እስከ መጨረሻው መሙላትና መልሶ ማንበብ አለበት። ምርመራው ከአምስት ዓመት በኋላ ሳይሆን ሻጩን ለመጠየቅ በሚቻልበት ጊዜ መደረግ ይገባዋል።

ሰ. መቼና ምን ያህል

የፋብሪካ መዝጊያ ቀን አስቀድሞ አይነገርም፤ ምልክቶቹ ግን ይታያሉ። ተተኪው መሣሪያ ሲታወጅ፣ አዲሱ ዓይነት የቀድሞውን መሰኪያ ሲተው፣ አዳዲስ ጨዋታዎች መውጣታቸው ሲቀንስ፣ የአምራቹ የዋጋ ቅናሽ ሲደጋገም፣ የመሣሪያው ዘመን ወደ ማብቂያው መቃረቡን ነጋዴው ይረዳል። ለሩቅ ጊዜ የሚቀመጥ ዕቃ ቢገዛ የሚሻለው በዚህ ወቅት ነው። ዋጋው ከመጀመሪያው ወርዷል፤ ዕቃው ገና በፋብሪካ ይሠራል፤ ምን ያህል መሣሪያ በሰው እጅ እንዳለም በግልጽ ታውቋል።

የአምራቹ አገልግሎት ቢቆምም የመሣሪያው ዕድሜ ወዲያው አይቆምም። የስሪ ዲኤስ ፋብሪካ በ2020 ሥራውን አቁሞ፣ የመሸጫ መስመሩ በማርች 2023፣ በበይነ መረብ የመገናኛ አገልግሎቱ በኤፕሪል 2024 ተዘግቷል። ካሴትና ቻርጀር ያለው ሰው ግን ከዚያም በኋላ ይጫወታል። የዚህ ዓይነቱ ደንበኛ ቍጥሩ ያንሳል፤ የሚፈልገውን ዕቃ ካገኘ ግን በዋጋ ብዙ አይከራከርም።

መጠኑን በሚመለከት ጥንቃቄ ያለበት አካሄድ የሚከተለው ነው። ለአዲስ መሣሪያ ተጓዳኝ ዕቃ ሲያዝ የመጀመሪያው ትእዛዝ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ የሚሸጠውን ያህል ብቻ ይሁን። ሁለተኛው ትእዛዝ የሱቁ የሽያጭ መዝገብ ታይቶ ይደረግ። ለሩቅ ጊዜ የሚቀመጠው ሦስተኛው ትእዛዝ አራቱን ጥያቄዎች ላለፈ ዕቃ ብቻ፣ ከነጋዴው የራሱ ትርፍ በወጣ ገንዘብ ይገዛ። በብድር ገንዘብ ለሩቅ ዓመት ማከማቸት ትርፉን ለአበዳሪው መስጠት ነው። የገቢና የክፍያ ደረሰኝ፣ የዓይነት ቍጥርና የተገዛበት ቀን ከዕቃው ጋር አብሮ ይመዝገብ፤ ከዓመታት በኋላ ዕቃው ዋነኛ እንጂ የሐሰት አለመሆኑን ለገዢው የሚመሰክረው ይህ መዝገብ ነው።

ሸ. ማጠቃለያ

ከተመረመሩት ምሳሌዎች እንደሚታየው፣ መሣሪያው በወጣበት ሰሞን የተገዛ ተጓዳኝ ዕቃ በአብዛኛው አላተረፈም። የጌም ቦይ ገመድ በመሰኪያ ለውጥ፣ የስሪ ዲኤስ መቈጣጠሪያ በአዲስ ዓይነት፣ የቪታ ካርድ በዋጋ ቅናሽ ተመትተዋል። የጠቀመው በመካከለኛው ዘመን ለዕለት ገበያ የተያዘው ቻርጀርና በመጨረሻው ዘመን በልክ የተገዛው ልዩ ካርድ ነው። የመጀመሪያው ሰሞን ግርግር ለጋዜጣ ያማረ ወሬ ይሆናል፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአባቶች ቃል ግን ለመጋዘንም ይሠራል።

ስለዚህ አስመጪም ሆነ ባለ ሱቅ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ወረቀት ይክፈት፤ አራቱን ጥያቄዎች ይጻፍበት፤ የአንድ ዓመት፣ የሦስት ዓመትና የአምስት ዓመት የማከማቻ ወጪውን ያሰላበት። በዚህ ሚዛን ያለፈውን ዕቃ ያለ ፍርሃት ይግዛ፤ ያላለፈውን ደግሞ የዋጋው ርካሽነት ሳያታልለው ለሌላው ይተውለት። ወረቱን ነፃ አድርጎ የያዘ ነጋዴ ነገ የሚመጣውን ዕድል ለመያዝ እጁ አይታሰርም።